የቤቲንግ ቤቶች ኦዱ ውስጥ ስንት ይወስዳሉ? ባሕር ዳር ያላችሁ አወዳድራችሁ ታውቃላችሁ?

የፖሊ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ኳስ ቤቲንግ ነው። ግን "ዛሬ ማን ያሸንፋል" አይደለም፣ እሱን የሚነግረን ሞልቷል። ቤቶቹ ራሳቸው ኦዱ (ካሸነፍክ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ውስጥ ስንት ደብቀው እንደሚወስዱ ማወቅ ፈልጌ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ጓደኞቼ ሲከራከሩ የምሰማው የትኛው ቤት ቶሎ ይከፍላል፣ የትኛው ቦነስ ይጨምራል የሚለውን ነው። ኦዱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ቅዳሜ ፓፒረስ አካባቢ ካሉ ቤቶች የሦስቱን ኦድ ለአንድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ስልኬ ላይ መዘገብኩ። ስማቸውን አልጠራም፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ልበላቸው። ሆም ባለሜዳው ሲያሸንፍ፣ ድሮው አቻ ሲወጡ፣ አዌይ እንግዳው ሲያሸንፍ ነው።

ቤት ሀ፦ ሆም 2.10፣ ድሮው 3.40፣ አዌይ 3.50
ቤት ለ፦ ሆም 2.00፣ ድሮው 3.55፣ አዌይ 3.30
ቤት ሐ፦ ሆም 2.05፣ ድሮው 3.30፣ አዌይ 3.75

ከዚያ 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፈልኩና ሦስቱን ደመርኩ። ሀ 1.056 መጣ፣ ለ 1.085፣ ሐ 1.058። ከ1 በላይ ያለው የቤቱ ትርፍ ነው ብዬ ነው የተረዳሁት። ልክ ነኝ? ልክ ከሆንኩ ደግሞ ለ ከሁሉም በላይ የሚወስድ ቤት ሆኖ ሳለ ድሮው ላይ ከሁሉም የተሻለ ኦድ እንዴት ሰጠ? ሌላው፣ በሀ እና በለ መካከል ያለው የ3 በመቶ ልዩነት ያን ያህል ነው? ፀሐይ ላይ መንገድ ተሻግሬ ለመሄድ ያበቃል? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ስታት ከፔዳ፦

ሒሳብህ ልክ ነው። በብር ስታየው ደግሞ የበለጠ ይገባሃል። ጨዋታው በምንም ውጤት ቢያልቅ 1,000 ብር እንዲደርስህ ፈለግህ እንበል። ቤት ሀ ላይ ለሆም 476 ብር፣ ለድሮው 294፣ ለአዌይ 286 ትመድባለህ። ድምሩ 1,056 ብር ነው። ማንም ያሸንፍ ማን የሚከፈልህ ያቺው 1,000 ናት። 56 ብሩ እዚያው ቀረ። ቤት ለ ላይ ያንኑ 1,000 ለማግኘት 1,085 ታወጣለህ።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ለዚሁ ለቤት ሀ ኦድ አንዱ ሳይት 5.6 በመቶ ይልሃል፣ ሌላው 5.3 በመቶ ይልሃል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ 56ን ያካፈለው ለ1,000 ነው፣ ሌላው ላወጣኸው ለ1,056። በሁለተኛው አቆጣጠር ከ100 ብር መደብ 94.7 ይመለሳል ማለት ነው። ስታወዳድር አንዱን ያዝና በእሱ ብቻ ቀጥል፣ አለበለዚያ የሌለ ልዩነት ታያለህ።

ድሮውን በተመለከተ፣ ቤቱ ትርፉን ለሦስቱም እኩል አያካፍልም። ብዙ ሰው የሚጫወተው ሆምን ነው። ትልልቅ ቡድን ካለ ደግሞ የትም ይጫወት እሱን ነው። አቻ ይወጣል ብሎ ብር የሚያወጣ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤቱ ሰው በሚጎርፍበት በኩል ኦዱን ቀንሶ፣ ሰው በሌለበት በኩል ለቀቅ ሊያደርግ ይችላል። ቤት ለ ያደረገው እሱን ይመስላል። በተጨማሪ ለረጅም ጊዜ በብዙ አገር ኦድ ላይ የታየ ነገር አለ፤ በጣም ትልቅ ኦድ ላይ የሚቆረጠው ከትንሽ ኦድ ላይ ከሚቆረጠው ይበልጣል። 11.00 የሚል ሲያዩ ሰዎች ዓይናቸው ይበራል፣ እውነተኛው ግን 14 መሆን የነበረበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነጥብ። ከሦስቱ ቤቶች ምርጥ ምርጡን አንሳ፦ ሆም ከሀ 2.10፣ ድሮው ከለ 3.55፣ አዌይ ከሐ 3.75። ደምረው። 1.025 አካባቢ ይመጣል። ማርጂኑ (የቤቱ ቁራጭ) ከግማሽ በታች ወረደ! ስለዚህ "የትኛው ቤት ዝቅተኛ ይወስዳል" ከምትል "እኔ ለምጫወተው ምርጫ የትኛው ቤት የተሻለ ኦድ አለው" ብትል ይሻላል። አዌይ መጫወት የፈለገ ሰው ሐ ነው መሄድ ያለበት፣ ምንም እንኳ በጠቅላላ ድምሩ ሀ ቢሻልም።

ሽምብጥ_10፦

ወይ ጉድ፣ ቤቲንግም በሒሳብ ሆነ። እኔ በ20 ብር አሥር ጨዋታ ደርድሬ እቆርጣለሁ፣ ገባ ገባ፣ ተቃጠለ ተቃጠለ። 2.05 ሆነ 2.10 ምን ልዩነት አለው? አምስት ሳንቲም ነች እኮ።

ካሸር የነበረ፦

ሽምብጥ፣ ወንድሜ፣ በጣም የሚያስከፍልህ እንዳንተ ዓይነቱ ትኬት ላይ ነው። እኔ ግሽ ዓባይ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ማሽኑ ጋ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኦድ አወዳድሮ የሚመጣ ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል። ሰው የሚመጣው ትንሽ ብር ይዞ ነው፣ ብዙ ጨዋታ ደርድሮ ይቆርጣል፣ ማታ ደግሞ "ሁሉም ገብቶ አንዷ አቃጠለችኝ" ይላል። አንዷ ማቃጠሏ እንግዳ ነገር አይደለም። ትኬቱ ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያ ነው የተሠራው።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ጨዋታ ስትደረድር ኦዱ ብቻ አይደለም የሚባዛው፣ የቤቱ ቁራጭም አብሮ ይባዛል። ከዓባይ ማዶ ፔዳ ለመድረስ አሥር ባጃጅ እየቀያየርክ ብትሄድ እያንዳንዱ ሾፌር ሒሳቡን እንደሚቀበልህ ማለት ነው። የፖሊ ልጅ ያመጣቸውን ቁጥሮች ልጠቀም፣ ሁሉም ጨዋታ ላይ ተመሳሳይ ይቆረጣል ብለን። ቤት ሀ አንድ ጨዋታ ብቻ ስትቆርጥ ከ100 ብር በአማካይ ወደ 95 ይመለሳል። አምስት ስትደረድር 76። አሥር ስትደረድር 58። ቤት ለ ደግሞ አንድ ስትቆርጥ 92፣ አምስት 67፣ አሥር 44።

አሁን እዩት። ሲንግል (አንድ ጨዋታ ብቻ) ለሚቆርጥ ሰው በሀ እና በለ መካከል ያለው ልዩነት 3 ብር የማይሞላ ነው። አሥር ለሚደረድር ግን 14 ብር ሆነ። "አምስት ሳንቲም ነች" ያልከው እዚህ ነው የሄደው። ደግሞ በጣም ውድ በሆነው ቤት የተቆረጠ ሲንግል በጣም ርካሽ በሆነው ቤት ከተቆረጠ የአሥር ጨዋታ ትኬት በብዙ ይሻላል። 92 እና 58። ለዚህ ነው ቤቶቹ ሲንግል ላይ ማስታወቂያ የማይለጥፉት።

ሽምብጥ_10፦

እሺ ገባኝ፣ ግን 20 ብርን 40 ሺህ የሚያደርግ ሲንግል አሳዩኝ። የለም። ደሞ አንተ "ውድ ነው" ያልከው ቤት ለ ለአሥር ጨዋታ 25 በመቶ ቦነስ ይጨምራል፣ እዚያው ሰፈር ነው የምቆርጠው። ሀ ቦነስ የለውም። ይሄንስ ደምራችሁታል?

ስታት ከፔዳ፦

እንደምረው። ለ ላይ አሥር ሲደረደር 44 ነበር የሚመለሰው። 25 በመቶ ሲጨመርበት 55 ይሆናል። ሀ ያለምንም ቦነስ 58 ነው። ቦነስ የተባለው መጀመሪያ ከኦዱ ላይ የተወሰደብህ ብር ነው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ይሄ ደግሞ ሁኔታው ሁሉ ለአንተ ሲመች ነው። የቦነሱን ደንብ አንብበህ ታውቃለህ? ብዙ ቤት እያንዳንዱ ጨዋታ ከሆነ ኦድ በላይ መሆን አለበት ይላል። 1.15 የሆነች "ሹር" ብለህ ያስገባሃት ጨዋታ ከቆጠራው ትወጣለች፣ አሥር የመሰለህ ትኬት ለቦነስ ሲሆን ሰባት ይሆናል።

40 ሺውን በተመለከተ ግን እውነትህን ነው፣ በሲንግል አይገኝም። ለጨዋታው ደስታ ብለህ 20 ብር የምታወጣ ከሆነ ያ ሌላ ወሬ ነው፣ ማንም አይከለክልህም። እኔ የምልህ እሱን ትኬት ሀ ብትቆርጠው ኖሮ 40 ሺው ከዚያም ይበልጥ ነበር ነው።

ዓባይ ማዶ፦

ጥሩ ወሬ ነው የያዛችሁት። እናንተ ግን ሆም ድሮው አዌይ ላይ ብቻ ቆማችኋል። ያው አንድ ቤት፣ ያው አንድ ጨዋታ፣ በምርጫው ዓይነት የሚቆርጠው በጣም ይለያያል። ቤት ከማወዳደራችሁ በፊት እሱን እዩ።

ኦቨር አንደር 2.5 (ጎሉ ሦስትና ከዚያ በላይ ነው ወይስ ሁለትና ከዚያ በታች የሚለው) ቀላል ነው፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ። ሁለቱም 1.90 ከሆኑ 5.3 በመቶ ነው። ሁለቱም 1.85 ከሆኑ 8.1 በመቶ። አያችሁ፣ ከ1.90 ወደ 1.85 መውረድ ሲታይ ምንም አይመስልም። ጂጂም (ሁለቱም ቡድን ጎል ያገባል ወይ የሚለው) እንደዚሁ ነው የሚሠራው፣ አዎና አይደለም የሚለውን ትደምራላችሁ።

ደብል ቻንስ (ከሦስቱ ውጤቶች ሁለቱን ባንድ ላይ የምትይዙበት) ላይ ግን ተጠንቀቁ። ለምሳሌ 1.28፣ 1.30 እና 1.66 ቢል ድምሩ 2.153 ይመጣል። አንድ ጓደኛዬ ይሄን አይቶ "115 በመቶ ሊዘርፉን ነው" ብሎ ሲጮህ ነበር። አትደንግጡ። ከሦስቱ ምርጫዎች ሁለቱ ሁሌም ስለሚገቡ መነሻው 1 ሳይሆን 2 ነው። ለሁለት ሲካፈል 1.076፣ ማለትም 7.6 በመቶ።

ትክክለኛ ውጤት ላይ (2ለ1፣ 3ለ0 የሚባለው) ደግሞ ምርጫው ብዙ ስለሆነ በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል፣ ሲደመር 20 በመቶ ማለፉ የተለመደ ነው። ማን መጀመሪያ ጎል ያገባል የሚለውም ከዚያ አይሻልም፣ እንዲያውም ሁሉም ተጫዋች ስላልተዘረዘረ መደመሩ ራሱ ያስቸግራል። ጨዋታ እየተካሄደ የሚቆረጠው ላይቭ በአብዛኛው ከቅድመ ጨዋታው ከፍ ያለ ቁራጭ አለው፣ ትኬቱ እስኪጸድቅ የሚያስጠብቃችሁ ሴኮንዶችም ለቤቱ እንጂ ለእናንተ አይደሉም። ካሽ አውት (ጨዋታው ሳያልቅ ትኬቱን ለቤቱ መልሶ ብር መውሰድ) ስትጫኑ ደግሞ በአዲሱ ኦድ ላይ እንደገና ይቆርጣችኋል፣ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ቨርቹዋሉን (በኮምፒውተር የሚሠራውን የውሸት ጨዋታ) ተዉት፣ እሱ ላይ ኳስ ማወቅ ምንም አይሠራም፣ ማሽን ነው።

የአገራችን ሊግ ለብቻው ነው። የባሕር ዳር ከነማ ጨዋታ ላይ ለምሳሌ 2.40፣ 2.70፣ 2.90 ብሎ ቢያወጣ 13.2 በመቶ ነው። ከእንግሊዙ ከእጥፍ በላይ። ምክንያቱ ቤቱ ስለ ጨዋታው ብዙ መረጃ ስለሌለው ነው፣ ሲፈራ ኦዱን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቤቱ የማያውቀውን እኛ የምናውቅበት ጊዜ አለ። ልምምድ የሚያይ፣ ማን እንደተጎዳ ከዜናው በፊት የሚሰማ ሰው እዚህ ከተማ ሞልቷል። ቤቱም ይሄን ስለሚያውቅ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ላይ ከፍተኛውን መደብ ዝቅ ያደርገዋል። 13 በመቶውን አልፎ ለማትረፍ ደግሞ ወሬው በእርግጥም እውነት መሆን አለበት፣ የሻይ ቤት ወሬ አይበቃም።

የሒሳብ ሰው፦

ሁላችሁም አሪፍ ብላችኋል፣ ግን የያዛችሁትን ትኬት ግርጌ አላነበባችሁም መሰለኝ። እኔ አሁን እጄ ላይ ያለው ትኬት እንዲህ ይላል፦ የተከፈለ 10 ብር፣ ቫት 1.30፣ መደብ 8.70። በኦዱ የሚባዛው 8.70 ነው፣ 10 አይደለም። 15 በመቶ ቫት ውስጡ ስላለ ማለት ነው።

እንግዲህ የእናንተን ቁጥር እናስተካክል። ቤት ሀ ሲንግል 94.7 ይመልሳል ብላችሁ ነበር። በ0.87 ስናባዛው 82 ይሆናል። ቤት ለ 80። ከኪሳችን ከወጣው 100 ብር። ስለዚህ የ3 በመቶ ልዩነት ፍለጋ ስትዞሩ 13 ብሩ በር ላይ ቀርቷል። ሁሉም ቤት እኩል ቢቀንስ ማወዳደሩን አይለውጠውም፣ አንዱ "ታክሱን እኔ እችላለሁ" ብሎ ከለጠፈ ግን ያ ከኦድ ልዩነቱ ሁሉ ይበልጣል። ያኔ ኦዱን ቀንሶ እንዳላካካሰው ማየት ነው።

ሌላው ከሚደርሳችሁ ብር ላይ ያለው ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ አስቀመጠ፣ ከ1,000 ብር በታች ለሆነው ግን ነፃ አደረገ። በዚህ ሒሳብ 1,800 የገባለት ሰው 270 ተቀንሶ 1,530 ይወስዳል። 900 የገባለት 900ውን ይወስዳል። ይሄ የሚመታው ማንን መሰላችሁ? እንደ ሽምብጥ 40 ሺህ የሚጠብቀውን ነው። ከ40 ሺው 6 ሺህ ይነሳል። ረጅም ትኬት በማርጂን ተበልቶ፣ በቫት ተበልቶ፣ ሲገባም በግብር ይበላል።

ሽምብጥ_10፦

እናንተ ሰዎች ቅዳሜዬን ልታበላሹብኝ ነው 😂 አሥሩን ወደ ሦስት አወርደዋለሁ፣ ከዚያ በታች ግን አልወርድም። ሦስት ሲንግል ናት ብላችሁ ቁጠሩልኝ።

የፖሊ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ስታት፣ አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውጭ አገር ፒናክል የሚባለው ቤት ትልልቅ ሊጎች ላይ 2 እና 3 በመቶ ብቻ ይወስዳል ሲባል አነበብኩ። የእኛዎቹ ለምን አይችሉም? ደግሞ ሌላ ቀን ሳይ ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ጨዋታ ላይ እስከ ሁለተኛው ቁጥር ድረስ ተመሳሳይ ኦድ ነበራቸው። ተማክረው ነው?

ስታት ከፔዳ፦

መማከር አያስፈልጋቸውም። አብዛኛው ቤት ኦድ የሚያወጣ የራሱ ሰው የለውም፣ እንደ ስፖርትራዳር ካሉ ድርጅቶች ይገዛል። ከተገዛው ላይ ደግሞ ስንት ቁራጭ እንደሚጨምር ቤቱ ራሱ ይወስናል። ሁለት ቤት ከአንድ ቦታ ገዝተው ተመሳሳይ ቁራጭ ካስቀመጡ ኦዳቸው መንታ ይሆናል። ስለዚህ ስታወዳድር መንታ ቤቶችን ቶሎ ለይና አንዱን ተው፣ ጊዜህን ነው የሚበላው።

ፒናክል የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ትንሽ ቆርጦ በጣም ብዙ ብር ማስገባት ነው ስልቱ፣ የሚያሸንፉ ሰዎችንም አያባርርም፣ እንዲያውም እነሱ በሚጫወቱት ኦዱን ያርማል። ቤትፌር ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ሰው ከሰው ጋር እንዲጫወት አድርጎ ከአሸናፊው ትርፍ ላይ ኮሚሽን ነው የሚወስደው። የእኛ ሰፈር ቤት ኪራይ አለበት፣ ካሸር አለበት፣ ለኤጀንት ይከፍላል፣ አብዛኛው ደንበኛው ደግሞ 10 እና 20 ብር ይዞ የሚመጣ ነው። እና እውነቱን ለመናገር ደንበኛው ኦድ ካላወዳደረ ለምን ይቀንሳል? ካሸር የነበረው የነገረን እሱን አይደል።

ዝቅተኛ ማርጂን ያለው ቤት ኦድ ለሌላም ነገር ይጠቅምሃል፣ ባትጫወትበትም። ለእውነተኛው ዕድል የቀረበ ስለሆነ መለኪያ ይሆናል። 1ን ለኦዱ አካፍል፣ ውጤቱን ለጠቅላላ ድምሩ አካፍል። የቤት ሀ ሆም 0.476 ነው፣ ለ1.056 ሲካፈል 0.451። ማለት 45 በመቶ ዕድል፣ ያለቁራጭ ኦዱ 2.22 መሆን ነበረበት። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ከ2.22 ስንት እንደራቀ ታያለህ። እኩል ተቆርጧል ብለን ስለሆነ ግምት ነው፣ ትልልቅ ኦዶች ላይ ያሳስታል፣ ለተቀራረቡ ጨዋታዎች ግን ይሠራል።

ዓባይ ማዶ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ የፖሊ ልጅ። ኦዶቹን የመዘገብከው በአንድ ሰዓት ነው? ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለው ኦድና አሰላለፍ ከወጣ በኋላ ያለው አንድ አይደለም። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ወስደህ ብትደምር ያገኘኸው የቤቶቹን ልዩነት ሳይሆን የሰዓቱን ነው። በተለይ "ምርጥ ምርጡን ሰብስብ" የሚለው ላይ ይሄ በጣም ያሳስታል፣ ድምሩ ከ1 በታች ወርዶ ነፃ ብር ያገኘህ ይመስልሃል፣ ሁለተኛው ቤት ስትደርስ ኦዱ ተቀይሮ ይጠብቅሃል።

የፖሊ ልጅ፦

ሦስቱንም ተከታትዬ ነው የወሰድኩት፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለሚቀጥለው ግን በስልክ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከፍቼ ስክሪን ሾት አነሳለሁ። ኦቨር አንደር 2.5 ላይ አምስት ጨዋታ እወስዳለሁ፣ ቫቱንም ለብቻ በሌላ ዓምድ አስገባለሁ። ጎንደር ወይ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ሰዎች የእናንተን ሰፈር ትኬት ግርጌውን ጭምር ፎቶ አንስታችሁ ብትለጥፉልኝ ደስ ይለኛል፣ የትኬት ቁጥሩን ግን ሸፍኑት።